ቢች እንጨት ለካፌ ወንበር፣ ለጠረጴዛና ለዓሣ መክተፊያ፦ ሐዋሳ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ታቦር ሥር (ጠያቂ)፦

ሰላም ባለሙያዎች። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። እጄ የለመደው ዋንዛ፣ ግራቪሊያና ባህር ዛፍ ነው። አሁን 24 የካፌ ወንበር፣ ገበታቸው 70 በ120 ሴ.ሜ የሆነ 6 ጠረጴዛ፣ እንዲሁም ለአንድ ዓሣ ቤት 10 መክተፊያ ታዝዣለሁ፤ ደንበኛው ሁሉም በቢች ይሠራልኝ ብሏል። የቀረበልኝ ጣውላ 5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው፣ መልኩ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ሻጩ «በእንፋሎት የታሸ፣ በማድረቂያ ክፍል የደረቀ» ይለዋል።

የምጠይቃችሁ አራት ነገር ነው። እውነተኛ ቢች መሆኑን በዓይን በምን ልለይ? ገበታውን እንደ ዋንዛ አጣብቄ ከክፈፉ ጋር በቪቴ ጥርቅም አድርጌ ባስረው ምን ይመጣል? የወንበሩ መደገፊያ 45 ሴ.ሜ ሬዲየስ ያለው ጉብጠት አለው፤ በእንፋሎት ማጉበጥ ይሆናል ወይ? ከወንበሮቹ ደግሞ 8ቱ ሐይቁ ዳር ባለ በረንዳ ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ ቫርኒሽ ይበቃቸዋል? የእርጥበት መለኪያ የለኝም።

ጋሼ መሮ፦

ቢች የአውሮፓ ዛፍ ነው። ጣሊያኖቹ ፋጆ፣ ግብፆቹ ዛን ይሉታል፤ በዕቃው ወረቀት ላይ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ብታገኝ አትደናገር።

ለመለየት አንዱን ጣውላ ጥቂት ላገውና ብርሃን ላይ አጋድመህ እየው። በሰፊው ፊት ላይ ከ2 እስከ 4 ሚ.ሜ የሚረዝሙ፣ በሹል እርሳስ ነካ ነካ የተደረጉ የሚመስሉ ጠቆር ያሉ ሰረዞች በብዛት ታያለህ። የዓመት ቀለበቱ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ጎን ደግሞ እነዚያው ሰረዞች ሰፍተው እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ይሆናሉ። ይህ ምልክት ከሌለ ቢች አይደለም። የቢች ቀዳዳዎች በዓይን አይታዩም፤ በጥፍር የተጫሩ የሚመስሉ ረጃጅም ቀጫጭን መስመሮች ካየህ፣ ምናልባት በቢች ስም የሚሸጥ የጎማ ዛፍ እንጨት ነው።

ሁለተኛው መለያ ሚዛን ነው። ቢች 12 በመቶ እርጥበት ላይ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ በአማካይ 720 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 5 በ15 ሴ.ሜ የሆነ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ጣውላ 0.015 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ ወደ 11 ኪሎ ሊመጣ ይገባል። ከዛፍ ዛፍ ልዩነት አለ፣ ግን ከ9 ኪሎ በታች ከሆነ ጠርጥር፤ 14 ኪሎ ከደረሰ ገና ውኃ ይዟል ማለት ነው።

ሮዝ መልኩ ከእንፋሎቱ የመጣ ነው። መሰንጠቂያ ቤቶቹ ጣውላውን በእንፋሎት የሚያሹት ውስጡ ያለው ውጥረት እንዲላላና መልኩ እንዲመሳሰል ነው። ያልታሸው ነጣ ብሎ ወደ ክሬም ያደላል። ሁለቱን በአንድ ገበታ ላይ አትቀላቅል፤ ዘይት ሲነካቸው ልዩነቱ ይጎላል። እንፋሎቱ ግን ለመበስበስም ለምስጥም ምንም መከላከያ አይሰጥም፤ ሻጭ «ስለታሸ አይበላም» ቢልህ አትቀበል።

በግንዱ መሐል የሚታየው ቀላ ያለ፣ ዳርቻው ያልተስተካከለ ነገር ቀይ ልብ ይባላል። መልክ እንጂ በሽታ አይደለም። አመድ የመሰለ፣ በጥቁር ቀጭን መስመር የተከበበ ክፍል ካየህ ግን መበስበስ ጀምሯል፤ ያንን ተው።

መለኪያ ስለሌለህ እርጥበቱን በምድጃ ለካ። ከጣውላው ጫፍ 30 ሴ.ሜ ገባ ብለህ 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጣ (ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ እሱ ያታልላል)። ወዲያው በግራም ሚዛን መዝነው። ከዚያ በ103 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አስገብተህ በየሰዓቱ እያወጣህ መዝን፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አንድ ዓይነት ክብደት ሲሰጥ ደርቋል። የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ቀንስና ለመጨረሻው አካፍል። 110 ግራም ገብቶ 100 ግራም ከወጣ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ9 እስከ 11 መሐል ቢሆን ለሐዋሳ ጥሩ ነው።

ከዚያው ጣውላ ሌላ ቁራጭ ቆርጠህ በውፍረቱ አቅጣጫ መሐሉን ክፈተውና ባለ ሁለት ጣት ሹካ አስመስለው። ጣቶቹ ወዲያው ወደ ውስጥ ከተሳሳቡ ማድረቂያው ተቻኩሏል፤ ውስጡ ውጥረት አለ። እንዲህ ያለውን ጣውላ ስትሰነጥቀው ይጠማዘዛል፣ መጋዙንም ይነክሳል። ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት ይህችን ሙከራ አድርግ።

ቀጥ ያለ ቋሚ፦

የጠረጴዛውን እኔ ልመልስ፤ ከዋንዛ የመጣ ሰው ቢች ላይ መጀመሪያ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። ዋንዛ ሰላማዊ እንጨት ነው፣ ክረምት ከበጋ ብዙ አይነቃነቅም። ቢች ግን ከሚታወቁት የዕቃ እንጨቶች ሁሉ በጣም ከሚነፉትና ከሚኮማተሩት ተርታ ነው። እርጥበቱ በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር፣ የዓመት ቀለበቱ ከፊቱ ጋር ተኝቶ በሚሄድ ጣውላ ወርዱ 0.4 በመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ቀለበቱ ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ደግሞ ግማሹን፣ 0.2 በመቶ ያህል።

የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት 9 በመቶ አካባቢ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 65 ሲሆን 12፣ 75 ሲሆን 14 ላይ። ሐዋሳ ላይ በታኅሣሥና በጥር ደረቅ አየርና በክረምቱ ዝናብ መካከል የ4 በመቶ ልዩነት ብንይዝ፣ በ70 ሴ.ሜ ገበታ ላይ 700 ሲባዛ በ0.004 ሲባዛ በ4፣ 11 ሚ.ሜ ይመጣል። በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለም። እንግዲህ ገበታውን ከክፈፉ ጋር ግጥም አድርገህ ብታስረው 11 ሚሊ ሜትሩ የት ይሂድ? በበጋ የሠራኸው ክረምት ሲመጣ ያብጥና ይጎብጣል ወይም የክፈፉን መገጣጠሚያ ይከፍተዋል። በክረምት የሠራኸው በበጋ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ሁልጊዜ በኮላው መስመር ላይ አይደለም፤ ኮላው ጥሩ ከሆነ አጠገቡ ያለው እንጨት ራሱ ይለቃል።

ስለዚህ ገበታውን ከ7 እስከ 9 ሴ.ሜ ወርድ ካላቸው ቁራጮች አጣብቅ። በተቻለ መጠን ቀለበታቸው የቆሙትን ለገበታ ለይ፤ የተኙትን ለእግርና ለክፈፍ ተጠቀምባቸው። ይህን ብቻ በማድረግህ እንቅስቃሴው ከ11 ወደ 6 ሚ.ሜ ይወርዳል።

አስተሳሰሩ እንዲህ ይሁን። በሁለቱ አጫጭር ክፈፎች መሐል ላይ አንዳንድ ቪቴ በክብ ቀዳዳ አጥብቀህ እሰር፤ ገበታው ከመሐሉ ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይነፋል። የቀሩት ቪቴዎች በሞላላ ቀዳዳ ይግቡ፤ ለ4.5 ሚ.ሜ ቪቴ ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 18 ሚ.ሜ የሆነ፣ ርዝመቱም በገበታው ወርድ አቅጣጫ የሚሄድ። ቪቴው በሞላላው መሐል ይቁም፣ ከራሱ ሥር ሮንዴላ ይኑረው፤ ሲጠብቅ እንዲይዝ እንጂ እንዲነክስ አታድርገው። ገበታው ራሱ ከክፈፉ ጋር በኮላ ፈጽሞ አይነካካ።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የገበታው የታችኛው ፊት ልክ እንደ ላይኛው ያህል ይቀባ። ላይኛው ሦስት እጅ ላከር ጠጥቶ ታችኛው ባዶውን ከቀረ፣ እርጥበት በአንድ በኩል ብቻ ይገባና ገበታው እንደ ሰፌድ ይጎደጉዳል። ያኔ ቪቴ አያቀናውም።

ጣውላው ከመጣልህ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሥራ ቤት ውስጥ ይረፍ። 2.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያላቸውን መለያ ቁራጮች በየ45 ሴ.ሜው፣ አንዱ ከሌላው በላይ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገህ ደርድር። ቆርቆሮው ሥር አታስጠጋው፤ የቀትሩ ሙቀት ላይኛውን ረድፍ ብቻ ያደርቀዋል።

ታቦር ሥር (ጠያቂ)፦

እናመሰግናለን፤ ጋሼ መሮ፣ የሹካዋን ሙከራ ነገ አደርጋታለሁ። የመደገፊያው ነገርስ? የእንፋሎት ሣጥን ከጣውላ ለመሥራት አስቤ ነበር።

ሞርሳ፦

ወንድሜ፣ ቢች ለማጉበጥ ከተፈጠሩት እንጨቶች አንደኛው ነው ብል አላጋነንኩም። ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1856 ቪየና ላይ ወጥ እንጨት በእንፋሎት የማጉበጥ መብት ያገኘው፣ በ1859 ያወጣውንም የካፌ ወንበር ቁጥር 14 የሠራው በዚሁ በቢች ነው። ወንበሩ 6 የእንጨት ክፍል፣ 10 ቪቴና 2 ዳዶ ብቻ ነበረው፤ ፈታተው ሲጭኑት 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን ይገባ ነበር። ዛሬም የዓለም ካፌ ወንበር የሱ ልጅ ነው።

ግን የአንተ ጣውላ ላይ ችግር አለ፤ ደረቅ ነው። ለእንፋሎት የሚመረጠው እርጥበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሆነ፣ በአየር ብቻ የደረቀ እንጨት ነው። በማድረቂያ ክፍል 9 እና 10 በመቶ የደረሰ ጣውላ ድጋሚ ውኃ ውስጥ ብትዘፈዝፈውም ውኃው ላዩን እንጂ ልቡን ቶሎ አያገኘውም፤ ስታጎብጠው የውጭው ፊት ይፈነቀላል።

ምክንያቱን ልግለጽ። እርጥብ ቢች ሲሞቅ ሊለጠጥ የሚችለው በርዝመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ መጨመቅ ግን እጅግ ብዙ ይችላል። ስለዚህ ጥበቡ የውጭው ፊት እንዳይለጠጥ ይዞ፣ ጉብጠቱ ሁሉ በውስጠኛው ፊት መጨመቅ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ለዚህ ከውጭ በኩል 1.5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የላሜራ ቀበቶ ይታሰራል፤ ጫፍና ጫፉ ላይ እንጨቱን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ ይኖረዋል። ማቆሚያው ከላላ የውጭው ይሰነጠቃል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ የውስጠኛው ይኮማተራል፣ ይሸበሸባልም። 25 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው እንከን የለሽ ቢች በቀበቶ ወደ 5 ሴ.ሜ ሬዲየስ ድረስ ሊጎብጥ ይችላል፤ ያለ ቀበቶ ግን ከ35 ሴ.ሜ በታች መሞከር አይገባም።

ለሐዋሳ የሚጨመር ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጻሕፍቱ «ለ25 ሚ.ሜ ውፍረት አንድ ሰዓት» የሚሉት ለ100 ዲግሪ እንፋሎት ነው። እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ብትሰጠው ይሻላል። ሣጥኑ በፍጹም አይታፈን፤ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ የረጋው ውኃም እንዲወርድ አዘንብለው። እንጨቱ ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ያለህ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ነው። ቅርጹ ተዘጋጅቶ፣ ሞርሳው ተከፍቶ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ካልሆነ አታውጣው።

አሁን ወደ አንተ ሥራ። 45 ሴ.ሜ ሬዲየስ ረጋ ያለ ጉብጠት ስለሆነ በደረቁ ጣውላህ በስስ ንብርብር ሥራው። ከ5 ሴ.ሜው ጣውላ ላይ 3 ሚ.ሜ ስስ እየሰነጠቅህ አውጣ፤ መጋዙ ራሱ 3 ሚ.ሜ ስለሚበላ ከአንድ ጣውላ 8 ገደማ ይወጣልሃል። ሲወጡ በእርሳስ ቁጥር ስጣቸው፤ በዚያው ተራቸው ስታጣብቃቸው የእንጨቱ ሥር (ጭረቱ) ተከታትሎ አንድ ወጥ እንጨት ይመስላል። ለመደገፊያ 7 ንብርብር፣ 21 ሚ.ሜ ይበቃል።

ኮላው ላይ አትሳሳት። ነጩ ኮላ፣ ፒቪኤው፣ ሁልጊዜ ውጥረት ባለበት መገጣጠሚያ ላይ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ከወራት በኋላ ጉብጠቱ ይከፈታል፣ የንብርብሩም ጠርዝ እንደ ደረጃ ይፈጠራል። በዱቄት የሚመጣውን ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ወይም ኤፖክሲ ተጠቀም። ቅርጹን በሰም ወይም በፕላስቲክ ሸፍነው፣ ሞርሳ በየ10 ሴ.ሜው ከመሐል ወደ ጫፍ እየጠበቀ ይሂድ፣ ለ24 ሰዓት አትፍታው። ሲፈታ ወደ ቀድሞው የሚመለሰው በንብርብሩ ቁጥር ካሬ ነው የሚታሰበው፤ በ7 ንብርብር ከ49 አንድ፣ 2 በመቶ ያህል ማለት ነው። ቅርጹን በዚያው ልክ ጠበቅ አድርገህ ሥራው።

ክብ መጋዝ፦

ስለ ማሽኑ ጥቂት ልጨምር። ቢች ቶሎ ይቃጠላል። የጠቆረ መስመር ካየህ ጥርሱ ደንዝዟል ወይም እጅህ መሐል ላይ ቆሟል፤ ፍጥነት ሳይሆን ማመንታት ነው የሚያቃጥለው። ለርዝመት ከ24 እስከ 30 ጥርስ፣ ለአግድም 60 ጥርስ፣ ሁለቱም ባለ ካርባይድ ይሁኑ። በራውተር (በእንጨት መቅረጫ ማሽን) ላይ አንዴ 10 ሚ.ሜ ከመግባት ሦስት ጊዜ 3 ሚ.ሜ ግባ። የተቃጠለውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት መልፋት ከንቱ ነው፣ ጥቁረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በስለት ጠርገው።

ርዝመቱን ስትሰነጥቅ፣ ጋሼ መሮ ያነሡት ውጥረት ካለ ስንጥቁ ከመጋዙ ኋላ ይገጥምና ጣውላውን ወደ አንተ ይወረውረዋል። ከመጋዙ ኋላ የሚቆመውን መክፈቻ ቢላ አውልቃችሁ የምትሠሩ፣ በቢች ላይ እንዲህ አታድርጉ።

ምስማር በቢች ጫፍ ላይ ይሰነጥቃል፤ እርሳው። ለ4 ሚ.ሜ ቪቴ 3 ሚ.ሜ ብሳ፣ ጥርሱን ሳሙና ወይም ሰም አስነካው፤ ያለዚያ የቪቴው ራስ ይበጠሳል። ለወንበር እግር መገጣጠሚያ ምላስና ቀዳዳ ከችንካር (ከክብ የእንጨት ካስማ) ይበልጣል። ችንካር ከተጠቀምክ ግን ራሱም ቢች ይሁን፣ ጎኑ የተሰነጠረ፣ እስከምትጠቀምበት ቀን ድረስ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ። ደረቅ ችንካር ከኮላው ውኃ ጠጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ያብጣል፤ መያዣው ይህ ነው። ክረምት ላይ መደርደሪያ ላይ ሜዳውን የተቀመጠ ችንካር ግን ቀድሞ አብጦ በመዶሻ ይገባል፣ በበጋ ይኮማተርና ወንበሩ ይንቃቃል። የቀዳዳው ጥልቀት ከችንካሩ በ2 ሚ.ሜ ይብለጥ፣ ኮላው የሚሸሽበት ቦታ እንዲያገኝ።

ኮላ ከመቀባትህ በፊት ፊቱ በዚያው ቀን የተላገ ይሁን። የደነዘዘ መላጊያ ቢችን ይጨፈልቀውና ያብለጨልጨዋል፤ ያ ብልጭታ ኮላ አይጠጣም። ጠብታ ውኃ ጣልበት፤ ተዘርግታ ከገባች ደህና ነው፣ ዶቃ ሆና ከቆመች ስለትህን አስል።

ቀለም በደንብ ይቀበላል፣ ስለዚህም ነው ፋብሪካዎች ዋልነት አስመስለው የሚቀቡት። በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አቁም፤ ከዚያ በላይ ካለሰለስከው ቀለሙ አይገባም። ከመጨረሻው በፊት በርጥብ ጨርቅ አብሰው፣ ጸጉሩ ሲነሣና ሲደርቅ በዚያው 180 ቀለል አድርገህ ጥረገው።

የመጨረሻው አቧራው ነው፤ ይህን በደንብ ስሙኝ። የእንጨት አቧራ የአፍንጫና የአፍንጫ ዙሪያ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 አንደኛ መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ጥናቶቹ ላይ ደጋግመው የሚነሡት ደግሞ ቢችና ኦክ ናቸው። በር ከፍቶ መሥራት መከላከያ አይደለም። ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት ማስክ ይኑራችሁ፤ ሲያልቅ በመጥረጊያ አታቡንኑት፣ በቫኪዩም ሰብስቡት ወይም ውኃ አርከፍክፉና ጥረጉ። ተለማማጅ ልጆች ያሏችሁ፣ ማስኩን ለነሱ አስቀድሙ።

ሰምና ዘይት፦

የመክተፊያው ለእኔ ይሁን። ቢች ለምግብ ዕቃ የሚመረጠው ጣዕምም ሽታም ስለሌለውና ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ ማማሰያም፣ የሊጥ መዳመጫም በአብዛኛው ከሱ ይሠራል። የዓሣ ቤት መክተፊያ ግን ከቤት መክተፊያ የተለየ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። በሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚገፈፍበትን ዓይነት ሥራ ካሰብክ 45 በ30 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 4 ሴ.ሜ ይሁን። ከ4 ሴ.ሜ ወርድ ቁራጮች አጣብቀው፣ ሁሉም ቀለበታቸው ወደ ላይ ቆሞ። እንዲህ ሲሆን ያብጣል እንጂ አይጎብጥም።

ኮላው የውኃ መቋቋም ደረጃው ዲ3 ወይም ዲ4 የተጻፈበት ይሁን። ቪቴና ብረት ውስጡ አይግባ። ጠርዙን 3 ሚ.ሜ ያህል አክብበው፤ ሹል ጠርዝ ቶሎ ይሰበራል፣ ቆሻሻም ይይዛል።

የሚቀባው ከፋርማሲ የሚገዛው ፈሳሽ ፓራፊን ነው። ለብ አድርገህ ሁሉንም ፊት ቀባ፣ በተለይ ጭረቱ የተቆረጠባቸውን ጫፎች፤ እስኪጠግብ ድረስ በየቀኑ፣ ሦስት ቀን። በመጨረሻ አንድ እጅ የንብ ሰም በአራት እጅ ፓራፊን ክብደት፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ድስት አቅልጠህ ቀባውና በጨርቅ ወልውለው። የወጥ ዘይት አይሆንም፤ እንጨቱ ውስጥ ቆይቶ ይበላሻል፣ ሽታው ወደ ምግቡ ይሄዳል። ላከርና ቫርኒሽም ቢላ ሲነካው እየተላጠ ዓሣው ላይ ይቀራል።

ለባለ ዓሣ ቤቱ አብረህ በቃል የምትነግረው አለ። ሲታጠብ ሁለቱም ፊት ይርጠብ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ ያጎብጠዋል። ውኃ ውስጥ አይዘፈዘፍ። ከታጠበ በኋላ በጠርዙ ቆሞ ጥላ ሥር ይድረቅ፤ እኛ አገር ታጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማድ ነው፣ ቢች ግን በአንድ ከሰዓት ጫፉ ይሰነጠቃል። የቢላው ጠባሳ ሲጠልቅ 2 ሚ.ሜ ይላግና እንደገና ይቀባ። መገጣጠሚያው ውስጥ ጥቁር መስመር ከታየ ግን ሻጋታው ገብቷል፤ ያ መክተፊያ ከዓሣ ጋር አይገናኝ።

ከተራረፈ የጭነት ፓሌት መክተፊያ ለመሥራት የምታስቡም አላችሁ፤ ከአውሮፓ በመጣ ፓሌት ውስጥ ቢች ይገኛል። ማኅተሙን እዩ። ኤችቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤምቢ የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለምግብ ዕቃ አይንኩት። ኤችቲ ማለትም ነፍሳቱ ሞተዋል ማለት እንጂ እንጨቱ ደርቋል ማለት አይደለም።

ቀጥ ያለ ቋሚ፦

በረንዳው ቀርቷል። ጣሪያ ካለውና ዝናብ በቀጥታ ካልነካቸው፣ የተቀቀለ የተልባ ዘይት በአኳራጅ አቅጥኖ ሦስት እጅ፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ እጅ ቢቀቡ የሚይዙ ይመስለኛል። ዘይት አይላጥም፣ መጠገንም ቀላል ነው።

ጋሼ መሮ፦

እዚህ ላይ አልስማማም ልጄ። ቢች በአውሮፓ መበስበስን የመቋቋም መለኪያ የመጨረሻው፣ 5ኛው መደብ ውስጥ ነው፤ እርጥብ አፈር ከነካ አምስት ዓመት አይደርስም። የተልባ ዘይት ውኃን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም፣ ሻጋታም ይበላዋል። ወንበሮቹ ጣሪያ ሥር ቢሆኑ እንኳ ወለሉ በየጠዋቱ ይታጠባል። የእግሩ ጫፍ ሥሩ የተቆረጠበት ስለሆነ ውኃውን እንደ ክር ይስባል፤ መጀመሪያ የታችኛው 3 ሴ.ሜ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል። ላዩ ያማረ ቫርኒሽ ደግሞ ይብሳል፤ አንዲት ስንጥቅ ሲያገኝ ውኃው ገብቶ መውጫ ያጣል። ምስጥም ቢችን አይምርም።

ቢች ውጭ የሚቆየው በግፊት መድኃኒት ሲጠጣ ብቻ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ በክሬኦሶት (ከቅጥራን በሚወጣ መርዛማ መድኃኒት) አጠጥተው የባቡር ሐዲድ ሥር የሚያነጥፉት ስለዚህ ነው። ክሬኦሶት የጠጣ እንጨት ላይ ግን ሰው አይቀመጥም።

ለ8ቱ ወንበር እንዲህ ብታደርግ እመርጣለሁ፦ እግርና አካሉ ቀለም የተቀባ ቱቦ ብረት፣ መቀመጫና መደገፊያው ከሐበሻ ጥድ ወይም ከቀይ ባህር ዛፍ ልብ የተሰነጠቁ ርብራቦች፣ በመሐላቸው 6 ሚ.ሜ ክፍተት፣ ከሥር በቡሎን የታሰሩ። አንዱ ርብራብ ሲበላሽ ያንኑ ብቻ ትለውጣለህ። ጥድ ስትገዛ ሕጋዊ ወረቀት ያለውን ግዛ።

ቀጥ ያለ ቋሚ፦

የወለሉን ውኃ አላሰብኩትም፣ ጋሼ ልክ ናቸው። ለውስጦቹ 16 ወንበሮችም ቢሆን ወለሉ የሚታጠብ ከሆነ የእግሩን ጫፍ ኤፖክሲ አጠጥተህ የፕላስቲክ ጫማ አድርግላቸው።

ታቦር ሥር (ጠያቂ)፦

ደንበኛው የበረንዳውን 8 በብረት ተቀብሏል። ለ16ቱ ቢች ወንበር ስንት ሜትር ኩብ ልግዛ?

ሞርሳ፦

አንድ ወንበር ተሠርቶ 5 ኪሎ ገደማ ከመዘነ 0.007 ሜትር ኩብ ንጹሕ እንጨት ነው። ለእግርና ለክፈፍ በብክነት እጥፉን ያዝ፤ ለመደገፊያው ግን መጋዙ ግማሹን ስለሚበላ ሦስት እጥፍ። በወንበር 0.016 ብታስብ ለ16ቱ 0.26 ሜትር ኩብ ይመጣል። 0.3 ግዛ፤ ይህ ለወንበሩ ብቻ ነው፣ የገበታውና የመክተፊያው በላዩ ይታሰብ። ሁሉም ሲመጣ ቀለበታቸው የቆሙትን ለይና መጀመሪያ ለገበታና ለመክተፊያው አስቀምጥ፣ የወንበሩ ከቀረው ይወጣል። የጠረጴዛው ገበታ ለብቻው፣ በ3 ሴ.ሜ ውፍረት 6ቱ 0.15 ሜትር ኩብ ንጹሕ ነው፤ ከ5 ሴ.ሜ ጣውላ ልገህ 3 ማውረድ ግን ብክነት ስለሆነ ሻጩ 3.8 ሴ.ሜ ጣውላ ካለው ለገበታው እሱን ጠይቅ።